አርኖና የማን ዕዳ ነው? በእስራኤል ለሚከራዩና ለሚያከራዩ

በእስራኤል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው በየሁለት ወሩ ከማዘጋጃ ቤት፣ በአገሬው አጠራር ከኢሪያ፣ የክፍያ ወረቀት ይደርሰዋል። ክፍያው አርኖና ይባላል። ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። እዚያ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ተከራይ ኪራዩን ከከፈለ ስለ ቤቱ ግብር የሚጠይቀው የለም። እዚህ ግን ሕጉ መጀመሪያ የሚፈልገው የቤቱን ባለቤት ሳይሆን ቤቱን ይዞ የሚኖርበትን ሰው ነው።

ይህን ልዩነት ያላወቀ ቤተሰብ በሁለት በኩል ይጎዳል። ከለቀቀ በኋላ ላልኖረበት ጊዜ ዕዳ ይቆጠርበታል፤ ወይም ሕግ የሰጠውን ትልቅ ቅናሽ ሳይጠቀምበት ጊዜው ያልፋል። አከራዩም ቢሆን ከጉዳት አያመልጥም፤ ተከራዩ መግባቱን ካላሳወቀ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘቡን ከእሱ ይጠይቃል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ይያዙ፦ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያውቀው በመዝገቡ የሰፈረውን ስም ነው፤ ተከራይና አከራይ በመካከላቸው የተባባሉትን አያውቅም። ቤት ሲገቡም ሲለቁም ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ የግድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

አርኖና እንዴት ይሰላል?

አርኖና እያንዳንዱ የአካባቢ አስተዳደር በክልሉ ባሉ ሕንፃዎችና መሬቶች ላይ የሚጥለው ዓመታዊ ግብር ነው። ለቆሻሻ ማንሳት፣ ለመንገድ መብራት፣ ለመናፈሻ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለማኅበራዊ አገልግሎትና ለመሳሰሉት የከተማ ሥራዎች ይውላል።

ስሌቱ ቤቱ በገበያ ስንት እንደሚያወጣ ወይም ኪራዩ ስንት እንደሆነ አይመለከትም። የሚታዩት አራት ነገሮች ናቸው፦ የቤቱ ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሕንፃው ዓይነት፣ ያለበት ሰፈር፣ እና ቤቱ የሚሰጠው አገልግሎት። ለመኖሪያ ቤት የሚከፈለው ለንግድ ቤት ከሚከፈለው በጣም ያነሰ ነው። በመኖሪያ ቤታቸው ፀጉር ቤት ወይም ሌላ ሥራ ለመክፈት የሚያስቡ ተከራዮች ይህን አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል፤ ለሥራ የዋለው የቤቱ ክፍል በንግድ ተመን ሊታሰብ ይችላልና።

አንድ የስሌት ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተመረጡ ናቸው። የቤቱ ስፋት 70 ካሬ ሜትር፣ ተመኑ ደግሞ በዓመት ለአንድ ካሬ ሜትር 60 ሸቀል ይሁን። የዓመቱ አርኖና 4,200 ሸቀል ይሆናል። በየሁለት ወሩ፣ ማለትም በዓመት 6 ጊዜ ሲከፈል፣ እያንዳንዱ ክፍያ 700 ሸቀል ነው። ለአንድ ተከራይ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ቤት ሲያፈላልጉ ኪራዩን ብቻ ጠይቀው አይለፉ፤ የቅርብ ጊዜውን የአርኖና ወረቀት እንዲያሳዩዎት አከራዩን ይጠይቁ።

የአርኖና ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ተመኑ በየዓመቱ የሚስተካከለው የኑሮ ውድነትንና የመንግሥት ዘርፍ ደመወዝን ለውጥ በሚያጣምር ቀመር ነው። አንድ ማዘጋጃ ቤት ከቀመሩ የተለየ ጭማሪ ለማድረግ ከፈለገ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩንና የገንዘብ ሚኒስትሩን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የዓመቱን ሙሉ ክፍያ በዓመቱ መጀመሪያ ለሚከፍሉ ብዙ ከተሞች እስከ 2 በመቶ ይቀንሳሉ።

ከፋዩ ማን ነው?

ሕጉ ከፋዩን ማሕዚክ ይለዋል፤ ቤቱን በተግባር ይዞ ያለ ሰው ማለት ነው። በባለቤትነት ይያዘው በተከራይነት ለውጥ የለውም። በሆቴል ወይም በፔንሲዮን ያረፈ እንግዳ ግን ማሕዚክ አይባልም። በአሚዳር ወይም በሌላ የመንግሥት ቤት የሚኖር ተከራይም እንደ ማንኛውም ተከራይ አርኖና ይከፍላል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የኪራዩ ውል ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ከሆነ በሕግ ለማዘጋጃ ቤቱ ተጠያቂ የሚሆነው አከራዩ ነው። ለ12 ወር የተዋዋለ ተከራይ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ ለ6 ወይም ለ11 ወር የተዋዋለ ግን አይመዘገብም፣ ወረቀቱም በአከራዩ ስም ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘቡን ከማን ይጠይቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው በአከራይና በተከራይ መካከል ገንዘቡ በመጨረሻ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የሚወስነው ሕግ ነው፤ ሁለተኛውን የሚወስነው ውል ነው። የ6 ወር ተከራይ በውሉ አርኖናውን ለአከራዩ እተካለሁ ብሎ ከፈረመ ለአከራዩ የመክፈል ግዴታ አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ያልተከፈለውን የሚጠይቀው አከራዩን ነው። እንደዚሁም የዓመት ውል ያለው ተከራይ «አርኖናውን አከራዩ ይከፍላል» የሚል ውል ቢኖረውም በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ባለዕዳው እሱ ነው፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከአከራዩ መጠየቅ ይችላል።

አንድ ቤት በጋራ የሚከራዩ ወጣቶች በመዝገቡ የአንዱን ስም ብቻ ቢያስገቡ ሁሉም ዕዳ የሚመጣው በእሱ ስም ነው። በውሉ የፈረሙት ሁሉ እንዲመዘገቡ ማድረግ ይሻላል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባም መዝገቡ አብሮ መለወጥ አለበት።

ቤት ሲገቡ

የኪራይ ውል ከተፈረመና ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ በማዘጋጃ ቤቱ የአርኖና ክፍል ስም ማስለወጥ ነው። በዕብራይስጥ ሒሉፌ ማሕዚኪም ይባላል። በአብዛኞቹ ከተሞች በኢንተርኔትም ይሠራል። የሚጠየቁት የኪራይ ውሉ ቅጂ፣ የተከራዮቹ የመታወቂያ (የቴዑዳት ዜሁት) ቅጂና የተሞላ ቅጽ ናቸው፤ ቅጹ ላይ ብዙ ጊዜ አከራይና ተከራይ ሁለቱም ይፈርማሉ። የገቡበት ቀን በትክክል መጻፉን ያረጋግጡ፤ ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነውና።

ከእርስዎ በፊት የነበረው ተከራይ ዕዳ ትቶ ሄዶ ቢሆንስ? የማዘጋጃ ቤቶች ድንጋጌ አንቀጽ 326 ግልጽ ነው፤ አዲስ የገባ ሰው ተጠያቂ የሚሆነው ቤቱን ከያዘ በኋላ ለሚመጣው አርኖና ብቻ ነው። «የድሮው ዕዳ ካልተከፈለ አንተን አንመዘግብም» የሚል ሠራተኛ ቢያጋጥምዎት ይህን አንቀጽ ጠቅሰው ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ።

አንዳንድ አከራዮች «ስም መቀየር አያስፈልግም፣ አርኖናውን ከኪራዩ ጋር ስጠኝ፣ እኔ እከፍላለሁ» ይላሉ። በቅን ልቦና የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ተከራዩ ግን በዚህ ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ፣ የሰጠው ገንዘብ በእርግጥ ለማዘጋጃ ቤቱ መድረሱን የሚያይበት መንገድ የለውም። ሁለተኛውና ዋናው፣ ቅናሽ የሚሰጠው ለተመዘገበው ማሕዚክ ነው። ስሙ በመዝገቡ የሌለ ተከራይ ቅናሽ ሊጠይቅ አይችልም። በተጨማሪም በስምዎ የወጣ የአርኖና ወረቀት በከተማው ውስጥ ነዋሪ መሆንዎን ያሳያል፤ ልጅ ለማስመዝገብና የሰፈር መኪና ማቆሚያ ፈቃድ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።

ቤት ሲለቁ

ብዙ ዕዳ የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ሰው ዕቃውን ጭኖ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቦ ሲሄድ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። የድንጋጌው አንቀጽ 325 ግን ቤት የለቀቀ ሰው ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለበት ይናገራል፤ ከአርኖናው ነጻ የሚሆነውም ማስታወቂያውን ከሰጠ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የተቆጠረው ዕዳ አይሰረዝለትም። ቁልፍ ያስረከበበት ቀንና ያሳወቀበት ቀን በተራራቁ ቁጥር በመካከል ያለው አርኖና በስሙ ሊቆጠር ይችላል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ቁልፉን ሲያስረክቡ አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ፤ የቤቱ አድራሻ፣ የተረከቡበትና ያስረከቡበት ቀን፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪው ንባብ፣ የሁለታችሁም ፊርማ ይኑርበት። የቆጣሪዎቹን ፎቶ ያንሱ። ይህን ወረቀት ከማስታወቂያው ጋር ለአርኖና ክፍሉ ይላኩ፤ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ወይም ቁጥር እስኪሰጥዎት ድረስም አይተዉት። ውሉ ከማለቁ በፊት የሚለቁ ከሆነ ይህ ወረቀት ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ በእጁ ባለው ውል ላይ የሚያየው የመጨረሻውን ቀን ነውና።

አርኖናዎ በባንክ ቋሚ ትእዛዝ፣ ማለትም በሆራአት ኬቫ የሚቆረጥ ከሆነ ትእዛዙን ማቋረጥ ማሳወቅን አይተካም። ባንኩ መክፈል ያቆማል፤ ዕዳው ግን በስምዎ መቆጠሩን ይቀጥላል።

ለተከራይ የሚገባው ቅናሽ

የአርኖና ቅናሽ የባለቤቶች ብቻ የሚመስላቸው ተከራዮች አሉ። ነገር ግን ቅናሹ የሚታየው በማሕዚኩ የኑሮ ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ ተከራይም እንደ ባለቤት ይጠይቃል። የመንግሥት ደንብ ጣሪያውን ያስቀምጣል፤ የእያንዳንዱ ከተማ ምክር ቤት ደግሞ በዚያ ጣሪያ ውስጥ የራሱን መጠን ይወስናል። ከዚህ በታች «እስከ» የተባለውም ለዚህ ነው።

አዲስ ኦሌ (ወደ እስራኤል አዲስ የገባ)፦ እስከ 90 በመቶ፣ ከቤቱ ስፋት ለ100 ካሬ ሜትር። ቅናሹ የሚሰጠው ለ12 ወር ሲሆን፣ እነዚህ 12 ወራት በሕዝብ መዝገብ እንደ ኦሌ ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ባሉት 24 ወራት ውስጥ መሆን አለባቸው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ሙሉው 90 በመቶ ከተሰጠ 4,200 ሸቀል የነበረው ወደ 420 ሸቀል ይወርዳል። በመርካዝ ክሊታ (በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ ቤተሰብ ቤት ተከራይቶ ሲወጣ የ24 ወሩ ጊዜ ሊያልቅ ይችላልና፣ በቴዑዳት ኦሌው (በኦሌነት ምስክር ወረቀቱ) ላይ ያለውን ቀን አስቀድሞ ይይ፤ ከመርካዙ ሠራተኞችም ጋር ይማከር።

አረጋውያን፦ ከቢቱዋህ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን ተቋም) የእርጅና አበል ከገቢ ድጎማ ጋር ለሚያገኙ እስከ 100 በመቶ፣ ለ100 ካሬ ሜትር።

አካል ጉዳተኞች፦ የመሥራት አቅማቸው 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መቀነሱ ተወስኖ አበል ለሚያገኙ እስከ 80 በመቶ። ለዓይነ ስውራን እስከ 90 በመቶ።

ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች፦ እስከ 20 በመቶ።

ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው፦ በቤቱ የሚኖረው ሰው ብዛትና የሁሉም ገቢ ታይቶ የሚወሰን ቅናሽ። ብዙ ልጆች ላሏቸውና በአነስተኛ ደመወዝ ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች ይህ በር መንኳኳት አለበት።

ስለ ቅናሽ ሦስት ነገሮች ይታወሱ። አንድ ሰው በሁለትና በሦስት መንገድ ቢገባውም የሚሰጠው አንዱ፣ ከፍተኛው ብቻ ነው። በገቢ የሚሰጠው ቅናሽ በየዓመቱ በአዲስ ማመልከቻ ይጠየቃል፤ አምና ማግኘት ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከቅናሹ በኋላ የቀረችውን ገንዘብ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልከፈለ ሰው ቅናሹ ይሰረዝበትና ሙሉውን ይጠየቃል። በምሳሌያችን 420 ሸቀሏን ችላ ያለ ቤተሰብ 4,200 ሸቀል ዕዳ ሊመጣበት ይችላል ማለት ነው።

አከራይ ሊያውቃቸው የሚገቡ

በማኅበረሰባችን ቤት ገዝተው የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። ለእነሱ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ተከራዩ እስኪመዘገብ አለመዘናጋት ነው። ውሉን ራስዎ ለማዘጋጃ ቤቱ ይላኩ፣ መዝገቡ መለወጡንም ያረጋግጡ። ማስታወቂያ እስካልደረሰ ድረስ ማዘጋጃ ቤቱ በመዝገቡ ያለውን ሰው ይጠይቃል፤ ያ ሰው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ውሉ በታደሰ ቁጥርም አዲሱን ቀን ያሳውቁ፤ አለበለዚያ በቀድሞው ውል ማብቂያ ቀን ሒሳቡ ወደ ስምዎ ሊመለስ ይችላል።

አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ከፋዩ ባለቤቱ ነው። ከተማው የወሰነው ከሆነ ባዶና ማንም የማይጠቀምበት ቤት እስከ 6 ወር ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። ጊዜው የሚቆጠረው ባለቤቱ እስኪለወጥ በድምር ነው፤ ዘንድሮ የተጠቀሙባቸው ወራት በሚቀጥለው ጊዜ አይመለሱም። ስለዚህ ለአጭር ክፍተት ከመጠቀም በፊት ቤቱን ለረጅም እድሳት ባዶ ማድረግ ያስፈልግ እንደሆነ ያስቡ።

ቤቱን መሸጥ ሲፈልጉ በመሬት መዝገብ፣ በታቡ፣ ስም ለማዛወር ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማረጋገጫ ከማዘጋጃ ቤቱ ያስፈልጋል። በዚያን ቀን ያልታወቀ የድሮ ሒሳብ እንዳይወጣ በየዓመቱ የቤቱን ሒሳብ ጠይቆ ማየት ይጠቅማል።

ከኪራይ ገቢ የሚከፈል ግብር ከአርኖና ጋር መምታታት የለበትም። እሱ የመንግሥት ገቢ ግብር ነው፤ የሚመለከተውም አከራዩን ብቻ ነው። ኪራዩ ከግብር ነጻ ከሆነው ወርኃዊ ጣሪያ በታች ከሆነ አይከፈልበትም፤ ካለፈ ደግሞ ከኪራዩ 10 በመቶ መክፈልን የመሰሉ አማራጮች አሉ።

ወረቀቱ ስህተት ካለበት

ቤቱ 70 ካሬ ሜትር ሆኖ ወረቀቱ 85 ቢል፣ መኖሪያ ሆኖ ሳለ በንግድ ተመን ቢታሰብ፣ ወይም በለቀቁት ቤት ቢጠየቁ ተቃውሞ የማቅረብ መብት አለዎት። ተቃውሞው ሃሳጋ ይባላል። የክፍያ ወረቀቱ በደረሰዎት በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለአርኖና ኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ሕጉ በሰጠው ጊዜ ካልመለሰ ተቃውሞው ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጠራል። መልሱ ካላረካዎት በ30 ቀን ውስጥ ቫዓዳት ዓራር ለተባለው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ይሄዳሉ፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ።

ስፋቱን በራስዎ ከመለካትዎ በፊት የከተማዎን የአለካክ ደንብ ይጠይቁ። በአንዳንድ ከተሞች የግድግዳ ውፍረት፣ በረንዳና ማከማቻ ይቆጠራል፤ በሌሎች አይቆጠርም። ስፋቱ ልክ አይደለም ብሎ የሚቃወመው የተመዘገበው ማሕዚክ መሆኑንም አይርሱ፤ ስም ማስመዝገብ እዚህም ላይ ይጠቅማል።

ዕዳ ከተከማቸ

አርኖና በጊዜው ካልተከፈለ ወለድና የዋጋ ማስተካከያ ይጨመርበታል። ማዘጋጃ ቤቶች የግብር አሰባሰብ ሥልጣን ስላላቸው ከማስጠንቀቂያ በኋላ የባንክ ሒሳብ እስከ ማሳገድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ ዕብራይስጡ ከበደኝ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ጉዳቱ የከፋ ነው። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን በዚህ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ልጆቻቸው የሚደርሳቸውን ደብዳቤ በየወሩ አብረው ቢያዩ ትልቅ እርዳታ ነው። ዕዳውን በአንዴ መክፈል ያልቻለ ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ይጠይቅ። በብዙ ከተሞች ሺል የሚባል የዜጎች ምክር አገልግሎት አለ፤ በነጻ ያማክራል፣ ቅጽ ለመሙላትና ደብዳቤ ለመጻፍም ይረዳል።

ከአርኖና ጎን ያሉ ክፍያዎች

ቤት ሲቀየር ከአርኖና በተጨማሪ የውሃ፣ የመብራትና የጋዝ ሒሳቦችም ስም መቀየር አለበት። ውሃን በብዙ ከተሞች የሚያስተዳድረው የተለየ ኮርፖሬሽን ስለሆነ የአርኖና ምዝገባ ብቻ አይበቃም።

በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐዊ ኪራይ ሕግ ተከራይ የማይከፍላቸውን ነገሮችም ለይቷል። የሕንፃው ኢንሹራንስ፣ አከራዩን ወክሎ የሠራው ደላላ ክፍያ፣ ሕንፃውን ለማሻሻል የሚገዙና የሚተከሉ መሣሪያዎች በተከራይ ላይ አይጫኑም። ለቫዓድ ባይት (ለሕንፃው የነዋሪዎች ኮሚቴ) የሚከፈለው የደረጃ ጽዳት፣ የጋራ መብራትና የመሳሰለው መደበኛ ወጪ ግን የተከራዩ ነው። ስለዚህ የቫዓድ ባይት ወረቀት ላይ የሊፍት መቀየሪያ መዋጮ ቢያዩ፣ ለአከራዩ ያስተላልፉ።

አርኖና ከባድ የሚሆነው ባለማወቅ ሲከማች ነው። በገቡበት ሳምንት ስምዎን ያስመዝግቡ፤ በዚያው ቀን የሚገባዎትን ቅናሽ ይጠይቁ፤ በለቀቁበት ሳምንት መውጣትዎን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የእያንዳንዱን ቅጂ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ያስቀምጡ። አከራይም ከሆኑ ተከራይዎ ይህን እንዲያደርግ ያግዙት፤ በትክክል የተመዘገበ ተከራይ ለባለቤቱም ዋስትና ነው።